አንድ እርምጃ ወደ ኋላ

ሰኞ፣ የካቲት 5

"ገፍትራ ጣለቻት" ይባላል። ስለ እኔ ነው። ጎረቤቴ ነገረችኝ። ሬዲዮ ነው የምንላት፤ ያለ ባትሪ የምትሠራ። መስኮቴ ሥር ቆማ፣ ያዘነች መስላ። "እኔስ አላመንኩም እትዬ። ሰው ግን እያወራ ነው።" ሰው ማለት እሷው ናት።

ውሸት ነው። አልገፈተርኋትም። በሰው ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም። የሆነውን ለራሴ በትክክል ልጻፈው። ትናንት ጠዋት የጌታን ማዕድ የምናለብስበትን ነጭ ጨርቅ በሁለት ክንዴ ዘርግቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን እገባ ነበር። ምራቴ ከዓሣ ገበያ በቀጥታ መጣች። ሥራዋ እዚያ ነው፤ ዓሣ ታጸዳለች። ልብሷን አልቀየረችም። የላስቲክ ቦት ጫማ፣ እርጥብ ሽርጥ፣ ክንዷ ላይ እስከ ክርኗ ቅርፊት። ደረጃው ገና አልደረቀም፤ የወለወልሁት ራሴ ነኝ። አንሸራተታት። እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልሁ። ወደቀች።

ይኸው ነው። መገፍተር ሌላ፣ ወደ ኋላ ማለት ሌላ።

እጇ ተሰብሯል አሉ። ቀኝ እጇ።

ዛሬ የተተረተረውን መጋረጃ ጠቀምሁት። የኩሽናውን መደርደሪያ አጠብሁ። ሾርባው ጨው በዛበት። በእኔ እጅ ጨው በዝቶ አያውቅም...

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

ልጄ አልደወለም።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

ደወለ። ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ድምፁ ከሞተሩ ጋር ተደባልቆ ይመጣል።

"እማዬ፣ ምን ሆናችሁ?"

"ወደቀች።"

"አጠገቧ ነበርሽ አሉ።"

"ነበርሁ።"

"እና?"

"ጨርቁን ይዤ ነበር።"

ሞተሩን ሲያጠፋ ሰማሁ። ከዚያ፣ "እማዬ፣ ጨርቅ እኮ ይታጠባል" አለና ዘጋው። በእኔ ላይ ስልክ ዘግቶ አያውቅም።

ጨርቅ ይታጠባል... ምን ያውቃል እሱ? ይህ ጨርቅ የሚታጠበው ለብቻው ነው፤ በራሱ ገንዳ፣ በራሱ ሳሙና። በካውያው ሌላ ልብስ አይተኮስም። ከተተኮሰ በኋላ ማዕዱ ላይ እስኪነጠፍ ድረስ የያዘው ሰው ማንንም አይነካም፤ ማንም አይነካውም። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከስፌት መምህራችን ነው የተማርሁት። ያጠብነውን መስኮት ላይ አንጠልጥላ በብርሃን ታየው ነበር። የጥፍር ያህል እድፍ ካገኘች ሁላችንም እንደ ገና። "የቅዱስ አምላክ ማዕድ ነው፤ የእናንተ ጓዳ አይደለም!"

አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ነስሯት ጠብታ ደም ወደቀበት። ሁላችንም ወደ ጨርቁ ሮጥን። ልጅቷ አፍንጫዋን ይዛ ጥግ ቆማ ቀረች። ትክክል መስሎኝ ነበር። እስከ መቼ? እስከዚህ እሑድ ድረስ።

ዓርብ፣ የካቲት 9

ሄድሁ። ሾርባ ይዤ። ደረጃው ረጅም ነው፤ ሁለት ቦታ ቆሜ ተነፈስሁ። ምራቴ በግራ እጇ ከፈተችልኝ። ቀኙ በጀሶ ተጠቅልሎ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ፀጉሯ አልተበጠረም። በአንድ እጅ እንዴት ይበጠራል?

"ይግቡ እማማ።"

ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የሄድሁት። እውነቴን ነው። ገብቼ ግን ያልታጠቡትን ሳህኖች አየሁ። አጠብኋቸው። ምድጃውን አሸሁ። አፌ ሲከፈት የወጣው ሌላ ነገር ነው። "የቦት ጫማሽ ሶል አልቋል። ለዚያ ነው ያንሸራተተሽ።"

አየችኝ። "አዎ እማማ። ጥፋቱ የጫማው ነው።"

ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ልወጣ ስል ነገረችኝ፤ ስሞታ አልነበረም፣ ወሬ እንደሚያወራ ሰው። በገበያው ደንብ እስከ ወሩ መጨረሻ ባዶ የዋለ የማጽጃ ጠረጴዛ ለተረኛ ይሰጣል። ተረኛው ሞልቷል። ከቤተሰብ አንድ ሰው ከቆመበት ግን ይጠበቃል። ከቤተሰብ ማን አለ? ባሏ መንገድ ላይ። እናቷ የለችም፤ እህትም የላትም። ያንን ጠረጴዛ ለማግኘት ከልጅነቷ ጀምሮ ስንት ዓመት በሰው ጠረጴዛ ሥር አንጀት እንደጠረገች አውቃለሁ።

"እግዜር ያውቃል" ብዬ ወጣሁ። እግዜር ያውቃል! እኔስ አላውቅም እንዴ?

እሑድ፣ የካቲት 11

መጋቢው ስለ ቅድስና ሰበከ። በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠርሁት ነው፤ እስካሁን እኔን ሲያይ ኮቱን ይቆልፋል። "ቅዱስ ማለት የተለየ ማለት ነው" አለ። "ከእኛ የተለየ፣ ከኃጢአት የራቀ።" ሌላ ጊዜ ቢሆን ራሴን በአዎንታ እነቀንቅ ነበር። የተለየ። የራቀ። ዕድሜ ልኬን የያዝሁት ይህንኑ ነው። ዛሬ አልዋጥ አለኝ። እንደዚያ ርቆ ከቀረ ማን አወቀው?

ያ ነቢይ ትዝ አለኝ፤ ዙፋኑን አይቶ፣ ሦስት ጊዜ ቅዱስ ሲባል ሰምቶ፣ ከንፈሬ የረከሰ ነኝና ጠፋሁ ያለው። በልጅነታችን ስለ እሱ ስንማር የምንፈተነው ስለ ኪሩቤልና ስለ ሱራፌል ልዩነት ነበር፤ ከንፈሩን ስለነካው ፍም የጠየቀን የለም። መልአኩ ፍሙን ከመሠዊያው በጉጠት ነው ያነሣው። ለመልአክ እንኳ በባዶ እጅ የማይያዝ ነገር... ያን ይዞ ግን ወዴት ሄደ? ወደ ረከሰው ከንፈር። ሰውየውን "ወደዚያ በል፣ ታጠብና ና" አላለውም። ከንፈሩም ፍሙን አላቆሸሸውም። እሳት ይቆሽሻል እንዴ?

ሰኞ የጻፍሁትን መልሼ አነበብሁ። "ይኸው ነው" ብያለሁ። ይኸው አይደለም። የተውሁት አለ።

ከወደቀች በኋላ ወደ እሷ አልሄድሁም። ወደ ውስጥ ገባሁ። ጨርቁን ማዕዱ ላይ አነጠፍሁ። አራቱን ማዕዘን አስተካከልሁ። በመሐል አንዲት ሽብሽብ ነበረች፤ በመዳፌ አለሰለስኋት። ምራቴ ውጭ ታቃስታለች፤ እሰማለሁ። ከዚያ ነው የወጣሁት።

ጻፍሁት። አሁን በትክክል ተጽፏል።

ሰኞ፣ የካቲት 12

መጋቢው ቢሮ ሄድሁ። ነገርሁት። ሁሉንም። ሽብሽቧን ሳይቀር።

"እማማ፣ ድንጋጤ ነው። ሆን ብለው አላደረጉትም" አለኝ።

"አንተ ልጅ፣ አታባብለኝ። ሆን ብዬ ነው።"

"ለጌታ ክብር ብለው..."

"ጌታ ጨርቁ ላይ ነበር? ወይስ ደረጃው ላይ?"

ቀላ። ኮቱን ቆለፈ። ከዚያ ግን በጎ ነገር ተናገረ፤ ልመስክርለት። "እማማ፣ ታዲያ እግዚአብሔርን አይፍሩ ልበልዎ?" አለኝ። "አይፍሩ እንዳትለኝ" አልሁት። አልፈራሁም እኮ፤ ነገሩ እሱ ነው። የፈራሁት መስኮት ላይ ጨርቅ የምትሰቅለዋን መምህሬን ነው። ሞታ አፈር ከሆነች ዘመናት አልፈዋል፣ እኔ ግን አሁንም እድፍ እንዳታገኝብኝ እሸሻለሁ። እግዚአብሔርን ፈርቼ ቢሆን ኖሮ ያን እጅ አልሸሽም ነበር።

የማዕዱ ጨርቅ የሚቀመጥበትን ሣጥን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁለት። "ለማን ልስጠው?" አለኝ። "ካውያ ላለው ሰው።"

ሐሙስ፣ የካቲት 15

ዓሣ ገበያ። የልጄን አሮጌ ቦት ጫማ በሁለት ካልሲ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሁሉ ውኃ፣ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። የምራቴ ጠረጴዛ ከበሩ ሦስተኛው ነው። አጠገቡ ጡሩምባ የሚሏት ትሠራለች። ለምን እንደሚሏት ሳልጠይቅ ገባኝ።

"ማንን ፈልገው ነው እማማ?"

"የምራቴን ቦታ ልይዝ ነው።"

"እንዴ! እርስዎ ነዎት አማቷ? ያቺ ገፍ..." አፏን በክንዷ ያዘች።

አልገፈተርኋትም ልል አፌን ከፈትሁ። መልሼ ዘጋሁት። ለዚህች ሴት ምን ልዩነት አለው? ለምራቴ አጥንትስ?

መጀመሪያ የሰጡኝን ዓሣ ግራና ቀኙን አገላብጬ አየሁ፤ አጠብሁት፤ ቅርፊቱን አንድ በአንድ...

"እማማ፣ ሊያጸዱት ነው ወይስ ሊያጠምቁት?" ገበያው በሙሉ ሳቀ።

"ካውያ አምጡላቸው እንጂ!" አለች ሌላዋ።

ገዢውማ፣ "አያቴ፣ ለዛሬ ራት ነበር የፈለግሁት" አለኝ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ከዚያ አንድ የዓሣ እሾህ አውራ ጣቴን ወጋኝ፤ ደሜ ከዓሣው ደም ጋር ሄደ። ማንም አልደነገጠም። ጡሩምባ በጥርሷ ጨርቅ ቀድዳ አሰረችልኝ፤ በዚያው ቅርፊት በሞላው እጇ። አልሸሸሁም። ወይ ጉድ... በዚህ ዕድሜዬ አልሸሸሁም ብዬ እመዘግባለሁ።

እረፍት ላይ ጠየቅኋት። "ያን እሑድ ሥራዋን ትታ ለምን መጣች? ታውቂያለሽ?"

"አልነገረችዎትም?" ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደ። "ሌሊቱን ታንኳ ተገልብጦ አንድ አጥማጅ ሞቶብን ነበር እኮ። ጠዋት ጠዋት ዓሣ የሚያመጣላት። እኛ እዚሁ ስንጮህ እሷ 'እዚያ ሄጄ ልጸልይለት' ብላ ሮጠች። ከነሽርጧ እንዳለች።"

እንዳለች። እኔ ነኝ፣ ድሮ፣ "ወደ ጌታ ቤት ታጥቦ ነው የሚመጣው" ያልኋት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ መምጣት ትታ ነበር። ያን ቀን ግን መታጠቢያ ጊዜ አልነበራትም። ሰው ሞቶባታል።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 17

ጣቶቼ አብጠዋል። ብዕር መያዝ...

እሑድ፣ የካቲት 18

ከገበያ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን። እጄን በሎሚም አሸሁት፤ ሽታው አይለቅም። አግዳሚው ላይ አጠገቤ የነበሩት ቀስ ብለው ፈቀቅ አሉ። አልቀየምኋቸውም። እኔው ነኝ ያስተማርኋቸው።

ጨርቁን የተኮሰችው ሬዲዮ ናት። አንድ ጎኑ ተጨማዷል። አየሁ፤ ዓይን መቼም አያርፍም። ኅብስቱ ግን ተቆረሰ። ማዕዱም ያው ማዕድ ነው። ሲዘምሩ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ ብዬ ሦስተኛው ላይ ድምፄ እምቢ አለኝ። ድሮ ይህን መዝሙር ቆሜ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምዘምረው፤ የእሱ ቅድስና የእኔ ሥራ ይመስለኝ ነበርና። አሁን ተቀመጥሁ። አልቀለለብኝም፣ ከበደኝ።

አልቆረብሁም። ስለ ሽታዬ አይደለም። ሰው አስቀይሞ፣ ሳይታረቁ...

ማክሰኞ፣ የካቲት 20

ምራቴ ዘንድ። እንደ ቃል ጥናት ሸምድጄ ሄጄ ነበር፤ በሩ ላይ ጠፋብኝ።

"ወደ ኋላ ያልሁት ሆን ብዬ ነው" አልኋት።

"አውቃለሁ እማማ። ዓይን ለዓይን ተያይተናል።"

"ከወደቅሽ በኋላም መጀመሪያ ጨርቁን አነጠፍሁ። ከዚያ ነው የወጣሁት።"

ይህን አላወቀችም። ግድግዳውን አየች። 

"ይህን ለምን ይነግሩኛል?"

"ሳታውቂው ይቅር ብትዪኝ ይቅርታው ስርቆት ይሆንብኛል። ይቅር በዪኝ ልጄ።"

"አሁን አልችልም። ልዋሽዎት? አልችልም።" ከዚያ እንባዋን በግራ እጇ ጠርጋ፣ "ጠረጴዛዬን ብቻ ይያዙልኝ" አለች።

"እይዛለሁ።"

"ደግሞ... ስለ እግዚአብሔር አያውሩኝ። ለጊዜው። ስሙን ስሰማ የሚታየኝ የእርስዎ ፊት ነው።"

ደረጃውን እንዴት እንደወረድሁ አላስታውስም። የሰው አጥንት ይጠገናል ይባላል። ይህ በየትኛው ጀሶ ይጠገናል? ስሙን ጠብቄ፣ ጠብቄ፣ አንዲት ልጅ ልትጠራው እንዳትችል አደረግሁት።

ዓርብ፣ የካቲት 30

የገበያው ኃላፊ ዞር ዞር ብሎ አየ። ጠረጴዛው ላይ የተጻፈውን የምራቴን ስም በጠመኔ አደመቀው። "ከቤተሰብ ነዎት?" አለኝ። "ነኝ" አልሁ። ጡሩምባ፣ "ቤተሰብም መኮንንም ናቸው እንጂ! አንዲት ቅርፊት ብንስት በዓይናቸው ይገርፉናል" ብላ ጮኸች። አልፎ ሄደ።

ቦታው ተጠብቋል። ምራቴ ስትሰማ "እሺ" አለች። እሺ ብቻ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11

ጀሶው ተፈታ። ሐኪም ቤት አብሬአት ሄድሁ፤ ልጄ አልደረሰም። ሐኪሟ ጣቶቿን እጠፊ አለቻት። ሦስቱ ግማሽ መንገድ ሄደው ቆሙ። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጅማቱ ግን ተጎድቷል አለች። በየቀኑ ጠዋት በሙቅ ውኃ ካላፍታቱት ይደርቃል። ያማታል፤ ሲያማት ካቆሙ ግን ከንቱ ነው። ለብቻዋ አትችለውም፤ ሌላ ሰው ሊያጥፍላት ይገባል።

"ቢላዋ መያዝ እችላለሁ?" አለቻት ምራቴ።

"እንደ ድሮው አይሆንም።"

 እንደ ድሮው አይሆንም... ሐኪሟ ያለችው ስለ እጅ ብቻ ነው?

ዓርብ፣ መጋቢት 14

ምራቴ ገበያ መጣች። በግራ እጇ ትመዝናለች፣ ከገዢ ጋር ትከራከራለች፤ እኔ አጸዳለሁ። "በዚህ በኩል ይያዙት እማማ። ወደ ራስዎ አይደለም፣ ወደ ውጭ!" ትቆጣኛለች። እንደ ስፌት መምህሬ ያለች ሆነችብኝ፤ ይህቺ ግን ጣቴን ነው የምታየው እንጂ ዓሣውን አይደለም።

ጡሩምባ፣ "ምራት አማቷን የምትገዛበት ዘመን መጣ! እኔም ባሌን ፈትቼ ልጅዎን ላግባው" አለችኝ። ምራቴ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ዛሬ ነው። እኔን አይታ አይደለም የሳቀችው። ይሁን።

እሑድ፣ መጋቢት 16

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ምራቴን ደጃፌ ላይ ቆማ አገኘኋት። በስድስት ወር አንዴ የማትመጣ ልጅ። አልገባችም፤ ቆማ ነው ያወራችው።

"እማማ፣ እዚያ አሁንም ሦስት ጊዜ ቅዱስ ትላላችሁ?"

ስለ እግዚአብሔር አያውሩኝ ብላኝ ነበር፤ ራሷ ጀመረችው። ቀስ ብዬ፣ "እንላለን" አልሁ።

"ምን ማለት ነው?"

ዕድሜ ልኬን ልጆች ያስተማርሁበት መልስ ነበረኝ። አፌ ላይ መጣ። ዋጥሁት።

"እንጃ ልጄ። አውቃለሁ ብዬ ነበር። የማውቀው ጨርቅ ሆኖ ተገኘ።"

አቀርቅራ ጣቶቿን አየች። "ያን አጥማጅ ሳልጸልይለት ተቀበረ" አለች።

"እኔ በየቀኑ እጸልይለታለሁ። ስሙን ግን አላውቀውም።"

ስሙን ነገረችኝ። ከዚያ ለመሄድ ዞር አለችና፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ባሌ ሲያጥፍልኝ ሳለቅስ ያዝንና ይተወዋል" አለች። "እርስዎ ጨካኝ ነዎት። እርስዎ ይሻሉኛል።"

ይቅር አላለችኝም። አላለችም፤ በትክክል ልጻፈው። ግን እጇን ልትሰጠኝ ነው።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

ገና ሳይነጋ መነሣት። ለአጥማጁ በስሙ መጸለይ።

ውኃውን አሙቄ በትልቁ ቴርሞስ መሙላት፤ የእሷ ማንቆርቆሪያ ትንሽ ነው።

ጥፍሬን መቁረጥ፣ እንዳልቧጥጣት።

ደረጃውን ቀስ ብሎ መውጣት፤ ማንኳኳት፤ ስለ ሳህኖቹ ምንም አለመናገር።

ከትንሿ ጣት መጀመር። ስታለቅስ አለመልቀቅ።